ከርስተኛ እስከ ተነሺ፦ ቦታ የያዘ ሰው ስንት ስም አለው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቆየ ግቢ እንውሰድ። በዋናው ቤት ካርታው ገና በሟች አባታቸው ስም ያለ ወራሾች ይኖራሉ። በጓሮ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ወር በወር የሚከፍሉ ተከራዮች አሉ። አጥሩን ተደግፎ የቆመው የጭቃ ቤት በ1967ቱ አዋጅ ተወርሶ የቀበሌ ቤት ሆኗል፤ ውሉ በአንዲት አዛውንት ስም ነው። እሳቸው ዘንድ የተጠጋችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ደባል» ተብላለች። ሁሉም ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ በአንድ በር ይገባሉ። ጎረቤት ሁሉንም «የእነ እገሌ ግቢ ሰዎች» ይላቸዋል። ወረዳው ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስም አለው፤ ስሙም እንዲሁ የወጣ አይደለም።

አማርኛ ቦታ ላይ ላለ ሰው ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው፦ ርስተኛ፣ ገባር፣ ጭሰኛ፣ ባላገር፣ ባለይዞታ፣ ነዋሪ፣ ተከራይ፣ ደባል፣ ሰፋሪ፣ ተነሺ። መዝገበ ቃላት እነዚህን በየፊደላቸው ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ለሚፈልግ ግን አንድ መለኪያ ይበቃል ባይ ነኝ፦ ይህን ሰው ማን ሊያስነሣው ይችላል? ሲነሣስ ምን ይዞ ይወጣል? በዚህ ሲመዘኑ የሚመሳሰሉ የሚመስሉት ይራራቃሉ፣ የሚራራቁት ደግሞ ይቀራረባሉ።

መነሻው «ያዘ» የሚለው ግስ ነው። ወረፋ ይያዛል፣ ወንበር ይያዛል፣ መሬትም ይያዛል። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር ቦኖ ላይ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ባለቤቱ ቤቱ ቡና እያፈላ፣ ቢጫው ጀሪካን ከሌሎቹ ጋር በገመድ ታስሮ ተራውን ይጠብቃል። ያን ጀሪካን ከተራው የሚያወጣ ሰው ጠብ ፈላጊ ነው፤ የተጻፈ ሕግ ግን የለም። ካፌ ውስጥም «ሰው አለው?» ብለን ባዶ ወንበር እንጠይቃለን፤ «አለው» ከተባልን ወንበሩ ባዶ ቢሆንም የተያዘ ነው። እንግዲህ መያዝ በአካል ተገኝቶ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው «የእሱ ነው» ብሎ መተው አለበት።

ቢሮ ውስጥ ያለው «ያዥ» ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። ገንዘብ ያዥ ገንዘቡ የእሱ አይደለም፤ ዕቃ ያዥም ዕቃው የእሱ አይደለም። ያዥ ማለት የሌላውን ጠባቂ፣ ተጠያቂ ማለት ነው። «ባለ» የሚለው ቅጥያ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስደናል፦ ባለቤት፣ ባለርስት፣ ባለጉልት። (ባለቤት የሚለው ቃል ከቤቱ አልፎ የትዳር ጓደኛንም፣ የሰዋስው መምህራን ዘንድ ደግሞ የዓረፍተ ነገርን አድራጊ እስከ መሰየም መድረሱ፣ በዚህ አገር የቤት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግረናል።) ዛሬ በሕግም በአፍም የምንጠቀምበት «ባለይዞታ» የእነዚህ የሁለቱ ድብልቅ ነው። በ«ባለ» ጌታ ያደርጋል፣ በ«ይዞታ» ደግሞ ያዥ። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

በሰሜኑ፣ በተለይ በጎጃምና በበጌምድር፣ ርስት ማለት በአጥር የተከለለ አንድ ቁራሽ መሬት ማለት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀና አባት የመወለድ መብት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በደንብ ያሳያል። የዘር ሐረጉ በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ገበሬ በስምንቱም ቅድመ አያቶቹ በኩል በየአቅጣጫው ጠያቂ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አቅኚ «ዋና አባት» ይባላል፤ የተወላጆቹን ነገር የሚከታተለው ደግሞ «ፈጅ»። ይህ ማለት በመሬቱ ላይ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የቆመው ሰው የመጨረሻው ቃል አይደለም። ነገ ከሌላ ደብር አንድ የሩቅ ዘመድ ትውልዱን ቆጥሮ «ድርሻዬን» ሊል ይችላል። ርስተኛ ሩቅ አገር ኖሮም ርስተኛ ነው፤ እዚያው ተወልዶ ያረጀ ሰው ደግሞ ትውልድ ካልቆጠረ ባዳ ነው። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚባለው፣ የችሎቱ ሙግትም አያት ከቅድመ አያት ሲያቆጥር የሚውለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ እያለው ስም ያጣ ሰው ነበር። ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከርስት ውጭ ነበሩ። ስለ ቤተ እስራኤል የሚነገረው ትውፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» የሚል ቃል አወጁ ይላል። «ፈላሻ» የተባለውም ከዚህ ነው ይባላል፤ ፈለሰ ማለት በግዕዝ ከቦታው ለቀቀ ነው። ትውፊቱ በሰነድ ይጽና አይጽና ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ግን ለዘመናት በአንድ መንደር የኖረ ማኅበረሰብ በስሙ «ሄያጅ» መባሉ ነው። ዛሬ እስራኤል ያሉት ቃሉን እንደ ስድብ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ስሞቹ ይገለባበጣሉ። በሰሜኑ ገባር ማለት ግብር የሚከፍል ባለርስት ነው፤ ግብሩ ራሱ የርስቱ ምስክር ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በደቡብ ገባር የተባለው ሰው ግን ለነፍጠኛውና ለመልከኛው የተመደበ፣ ጉልበቱንና ምርቱን የሚያስገባ ሰው ነው። ፊደሉ አንድ፣ ኑሮው የሰማይና የምድር ያህል። መሬቱ በቀላድ ሲለካ ለአካባቢው ባላባት ሲሶ ይተውለታል በሚል መርህ ቀሪው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለዘማች ተከፋፈለ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው፤ ለአንድ ባለማደሪያ ስንት ጋሻ እንደተሰጠ ሲታሰብ ሥር ያለው ሰው ብዛት ይገመታል። ባለማደሪያው ራሱ መሬቱን የሚይዘው ለአገልግሎቱ ነው፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ማደሪያውም ያበቃል። እዚያው መሬት ላይ እንግዲህ ሦስት ሰው ተደራርቦ ተቀምጧል፦ የሚያርሰው፣ በሹመት የሚበላው፣ ከበላይ የሚሰጥና የሚነሣው።

ጊዜው እየገፋ የሚያርሰው ሰው ጭሰኛ ተባለ። ቃሉ ከጭስ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ። ስለ መብቱ አንዲት ቃል የላትም፤ እዚያ መሆኑን ብቻ፣ ከጣራው ጭስ መውጣቱን ብቻ ትመሰክራለች። የሚከፍለው በድርሻ ነበር፤ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ። በሬ፣ ዘርና ማረሻ የማን ነው በሚለው ድርሻው ይወጣል ይወርዳል። ባለመሬቱ ሲከፋው ጭሰኛውን ያስነሣል፤ የጽሑፍ ውል ብርቅ ነው፣ ጭሰኛውም የሚያነሣው ካሳ የለውም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሲሰለፉ የመረጡት ቃል ይህን ሁሉ ሰበረው። ጭሰኛ አላሉም፣ ገባርም አላሉም። አራሽ አሉ፤ ትውልዱን ሳይሆን ሥራውን የሚናገር ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ከወጡት የፖለቲካ መፈክሮች መካከል እንዲህ በሁለት ቃል የተሳካለት አላውቅም።

«ባላገር» የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በቃሉ አወቃቀር የአገር ጌታ ነው፤ በከተሜ አፍ ግን ያልሠለጠነ ሰው ሆነ። የመሬቱ ጌትነት ከእጁ ሲወጣ ስሙም አብሮ ወረደ ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተባለ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር፣ ቤቱም አንድ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረውን ትርፍ ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች ያዘው። በአንድ ዓመት ውስጥ ርስተኛም ጭሰኛም ከሕጉ ተፋቁ፤ በቦታቸው የመጣው የይዞታ መብት ነው። አራሹ መሬቱን ይይዛል፣ ይጠቀማል፤ አይሸጥም፣ አይለውጥም።

ይዞታ የሚለው ሐሳብ ግን ደርግ ያመጣው አልነበረም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1140 ጀምሮ ይዞታን በእጅ አድርጎ በተጨባጭ ማዘዝ አድርጎ ይተረጉመዋል። የሕጉ ብልሃት ያለው ባለቤትነትንና ይዞታን በመለየቱ ላይ ነው። አንድ ሰው መጥቶ አጥርህን ቢያፈርስ፣ ወይም በሩን ሰብሮ ቢገባ፣ ፍርድ ቤት የምትሄደው «የእኔ ነው» ብለህ ሳይሆን «ይዤው ነበር» ብለህ ነው። ይህን ክስ የአገራችን ጠበቃና ባለጉዳይ «ሁከት ይወገድልኝ» ይለዋል። በአንቀጽ 1149 መሠረት ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከሳሹ ይዞታውን ካስረዳ፣ ተከሳሹ ደግሞ የገባበትን መብት ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ፣ ይዞታው ይመለሳል። የባለቤትነቱ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆያል። ሁከት የሚለውን ቃል ማን መረጠው? ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ሰላሙ የያዘው ሰው ነው፣ ሁከቱ የመጪው፤ ማን ትክክል እንደሆነ ገና አልተጠየቀም።

ያው ሕግ በአንቀጽ 1168 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት ሳያቋርጥ ግብሩን በስሙ የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። የሰሜኑ ገባር አስተሳሰብ በፈረንሳይ ልብስ የመጣ ይመስላል፦ ግብር የከፈለ ርስቱ ነው። መሬት ከግል ባለቤትነት ከወጣ በኋላ ግን ይህ በር ለመሬት ተዘጋ። ሰው 15 ዓመት አይደለም 50 ዓመት ግብር ቢከፍል የሚያገኘው የተሻለ ማስረጃ እንጂ የመሬት ባለቤትነት አይደለም። ዛሬም ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከካርታው ጋር የሚያስቀምጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱ ያረጀ ሕግ አልረሱም፣ ያረጀ ብልሃት ይዘዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አጸናው፤ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት፣ አርብቶ አደርም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው አለ። ባለይዞታ የሚለው ቃል ሙሉ ሰውነት ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በአማራ ክልል ገበሬው «አረንጓዴ ደብተር» የሚለው የይዞታ ማረጋገጫ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ነው። ትንሽ ነገር አይደለም፦ ጭስ ሲያወጣ የኖረው ቤት ሁለት ፊት አገኘ፣ ሚስት በፍቺ ቀን የምታሳየው ወረቀት አገኘች።

ይህ ደብተር ከመምጣቱ በፊት ግን እዚያው ክልል አንድ ስም መሬት ሲቆርስ ታይቷል። በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ኃላፊ የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞ ባለመሬቶቹ ደግሞ «ፊውዳል» ተባሉ። እነዚህ ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ቃዳ፣ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ይዞ ቀረ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ያልሰማ አርሶ አደር «ቢሮክራሲ» ነህ ተብሎ ማሳውን አስረከበ። ስም ስለ ሰው ብቻ የሚናገር ለሚመስለው ይህን ማየት ይበቃዋል።

ከተማ ውስጥ ባለይዞታ በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል። ነባር ባለይዞታ ከሊዝ በፊት የገባው ነው። የሊዝ ባለይዞታ በውል የያዘ ነው፤ በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ሦስተኛው ሰነድ አልባ ነው፤ ቤቱም ቆሟል፣ ልጆቹም አድገዋል፣ ወረቀቱ ግን የለም። ለዚህ ሰው ምስክሩ የአየር ፎቶ ነው፤ በእገሌ ዓመት ከላይ ሲነሣ ጣራው ታይቷል ወይስ አልታየም? ጭሰኛ በጭሱ ይታወቅ እንደነበረው ሰነድ አልባው በጣራው ይታወቃል። ፎቶው ከተነሣ በኋላ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ የመታው ደግሞ የጨረቃ ቤት ባለቤት ነው። ይህን ስም ያወጣው ሕዝብ ነው፣ ሲያወጣውም ትንሽ ፈገግ ብሎ ነው፤ መንግሥት «ሕገወጥ ግንባታ» የሚለውን ጎረቤት «ጨረቃ ቤት» ብሎ ያለፈው ብዙዎቻችን ከዚያ ቤት ውጪ አማራጭ ያጣ ሰው ስለምናውቅ ነው።

ደባል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚያሳዝነው ነው። የቀበሌ ቤት ውል በአንድ ሰው ስም ነው፤ ደባሉ በቤቱ ቁጥር መታወቂያ ያወጣል፣ ልጁን በዚያ አድራሻ ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ዕድሩን ይከፍላል። ውሉ ያለው ሰው ሲሞት ግን ጥያቄው ይነሣል፦ አንተ ማነህ? ተከራይ እንኳ ከእሱ ይሻላል። የግል ተከራይ ለረጅም ጊዜ «ልጄ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» በሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይነሣ ነበር፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ሕጉ በተግባር ምን ያህል እንደሚከበር ደላሎቹን መጠየቅ ነው፤ ተከራይ የሚለው ስም ግን ቢያንስ ቀን ተቆረጠለት።

ሰፋሪና መጤ የሚሉት ሁለት ቃላት ከሁሉ ይለያሉ፤ እነሱ ስለ ወረቀት አይጠይቁም። በ1977ቱ ድርቅ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡ ያጓጓዘው ሕዝብ ወደ 600,000 ይደርሳል። ያኔ ሰፋሪ የመንግሥት የሥራ ቃል ነበር፤ ካምፕ፣ ራሽን፣ ቡልዶዘር። ከዓመታት በኋላ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያገባ ልጅ «የሰፋሪ ልጅ» ሲባል ቃሉ ሥራውን ጨርሶ ሌላ ሥራ ጀምሯል። የሰሜኑን ርስት እንዳየነው ትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ጥንታዊ ልማዳችን ነው። አዲሱ ነገር ልማዱ በቤተሰብ መካከል መሆኑ ቀርቶ በብሔር መካከል መሆኑ ነው፤ የሚያስከትለውንም በየዓመቱ በዜና እየሰማን ነው። ይህን ስም ማንም በማንም ላይ ባይጠቀምበት እመርጣለሁ።

አማርኛ «ያዥ» ሊለው እምቢ ያለው አንድ ሰው አለ። በ1928 ገብቶ በ1933 የወጣውን ጣሊያን የዓለም አቀፍ ሕግ አንድ ግዛት የያዘ ኃይል ይለው ይሆናል። እኛ ወራሪ፣ ጠላት፣ ፋሺስት አልን። ዘመኑንም «የጠላት ወረራ ዘመን»። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያዘ ካልነው ሁከት የሚሆነው የአርበኛው ነው።

የመጨረሻው ስም ተነሺ ነው። ሌሎቹ ስሞች ሁሉ ሰውየው ቦታው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ይናገራሉ፤ ይህ ግን እንዴት እንደሚሄድ። «የልማት ተነሺ» የሚለው ሐረግ በደብዳቤ፣ በዜናና በወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለመደ ነው። ገና ሳይነሣ ተነሺ ይባላል፤ ከተነሣ ከዓመታት በኋላም ተነሺ ነው። ካሳው በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለገጠር ባለይዞታ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ 15 እጥፍ እንዲሆን አደረገ፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ጨመረ። ይህ የመጨረሻው መልካም ነው፤ ዕድርና ዕቁብ በካሬ ሜትር እንደማይለኩ ሕግ አውጪው አምኗል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ነባሩ ባለይዞታ ምትክ ቦታና የቤቱን ግምት ያገኛል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። የተነሺዎች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሰው ተጋፍቶ የሚያነበው መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ በስሙ ፊት የተጻፈውን ማዕረግ ነው፦ ባለይዞታ፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ፣ ሰነድ አልባ፣ ደባል። የሰርቪስ ክፍል ተከራዩ ዝርዝሩ ላይ አይፈልግም፤ እሱ ዕቃውን ማሰር የጀመረው አከራዩ ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት ነው።